ጓርኒሲዮን የፋቁት መሪጌታ

ሰሞኑን አንድ ጋራዥ በር ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። ሥራ ኖሮኝ አይደለም። ጡረታ የወጣ መካኒክ ጋራዥ በር ላይ ካልተቀመጠ የት ይቀመጥ? እና አንዱ ጎረምሳ የሞተሩን ክዳን አወረደ። አሮጌው ጓርኒሲዮን ከብረቱ ጋር ተጣብቆ አልነሳም አለው። ልጁ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከአንዲት ቆርቆሮ ውስጥ የሚሸት አረፋ ረጨበትና ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ሻዩን ጠጥቶ መጣ፣ በጨርቅ ጠረገው፣ አለቀ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እናንተዬ፣ እኔ እኮ በዚህ ነገር ሚስት አግብቼበታለሁ።

ቆይ፣ ጓርኒሲዮን ምን እንደሆነ የማታውቁ ትኖራላችሁ። አትፈሩ፣ መኪና ያላቸውም ብዙዎቹ አያውቁትም። ሞተር ብረት በብረት ላይ ተጭኖ በብሎን የታሰረ ነገር ነው። ሁለት ብረት ደግሞ የቱንም ያህል ቢለሰልስ እርስ በርሱ ጥርቅም ብሎ አይገጥምም። ስለዚህ መሐላቸው አንድ ስስ ነገር ይገባል፤ ወረቀትም ይሁን፣ ቡሽም ይሁን፣ መዳብም ይሁን። ውሃውና ዘይቱ ሳይቀላቀሉ በየቤታቸው የሚኖሩት በሱ ነው። ታዲያ ይህ ነገር ዓመት ከዓመት ሲቃጠል ይደርቅና ከብረቱ ጋር አንድ አካል ይሆናል። ሲቀየር አሮጌው ከነፍርፋሪው መነሳት አለበት። ጥፍር የምታህል ብትቀር አዲሱ አይቀመጥም። እሷን አነሳለሁ ብላችሁ በስለት ብትጭሩ ደግሞ ብረቱን ታቆስሉታላችሁ፤ በቆሰለበት በኩል ውሃው ይወጣል። ብትተዉት ጣጣ፣ ብትነኩት ጣጣ።

ሥራውን የጀመርኩት ኮምቦልቻ ነው፣ በጣሊያን ጊዜ። ዘመኑን ላሞግስላችሁ አይደለም። ስንቱ ሰው በየገደሉ ሲዋጋ እኔ የጣሊያን ካሚዮን እጠግን ነበር፤ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ደስ አይለኝም። ግን ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ሆዴ ይርበኝ ነበር፣ ሞተር ደግሞ እወድ ነበር። እውነቱ ይኸው ነው። ጋራዡ የአንድ ነጋዴ ጣሊያን ነው፤ ሲኞር ቤፔ እንለው ነበር። ወፍራም፣ ላቡ የማይደርቅ፣ ሲናደድ ኮፍያውን አውልቆ መሬት ላይ የሚረግጥ ሰው። በቀን ሦስት ጊዜ ይረግጠዋል። ከረገጠው በኋላ አንስቶ፣ አራግፎ፣ መልሶ ያደርገዋል። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ጓርኒሲዮን ማንሳት ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ዘዴው አንድ ብቻ ነበር፣ መሮና መዶሻ።

ለውሃ ፓምፑ የሚሆን ጓርኒሲዮን ሲያልቅብን ደግሞ ከቆዳ እንቆርጥ ነበር። አንድ ቀን ሲኞር ቤፔ ደሴ ሰኞ ገበያ ወጥተህ ስስ የፍየል ቆዳ ይዘህ ና አለኝ። ወጣሁ። ቆዳ ተራ ገብቼ አንዱን መርጬ ብድግ ሳደርግ፣ ቆዳው አልመጣ አለ። ለካ በወዲያኛው ጫፍ ሌላ እጅ ይዞታል። ቀና ስል ሴት ናት። ነጠላዋን አደግድጋ፣ ቆዳውን ወደ ፀሐይ ዘርግታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ታየዋለች። ልቀቅ፣ ይህ መጽሐፍ የሚሆን ነው አለችኝ። ኧረ ይህ የመኪና ፓምፕ የሚሆን ነው አልኳት። እጄን አየችው። እስከ ክርኔ ጥቁር ነው። ከዚያ ሳቀች። ሌላ ቆዳ ከክምሩ መዝዛ፣ እንካ ይህን ውሰድ፣ ይህኛው የእከክ ጠባሳ አለበት፣ ለመኪና ግን ምን ቸገረው ብላ ሰጠችኝ።

ከዚያ ወዲያ ኮምቦልቻ ላይ የቆዳ ጓርኒሲዮን ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር። ሲኞር ቤፔ ምን እየበላው ነው እያለ ኮፍያውን ይረግጣል። እኔ ሰኞ ሰኞ ደሴ ነኝ።

ስሟ ዘነበች ነው። የመሪጌታ ጥሩነህ ልጅ፣ አንድ ለናቷ። እናቷ ሞታ ከአባቷ ጋር ቧንቧ ውሃ ሰፈር ይኖራሉ። መሪጌታ ብራና ፋቂ ነበሩ። የፍየል ቆዳ ያርሳሉ፣ እንጨት ላይ ይወጥራሉ፣ ሥጋውንና ጸጉሩን ይፍቃሉ፣ በሻካራ ድንጋይ ያለሰልሳሉ። ጸሐፊዎች ከየአድባራቱ እየመጡ የሳቸውን ብራና ይወስዱ ነበር። ቆዳ መርጣ የምትገዛላቸው ዘነበች ናት። ያን ጊዜ ለምን ራሳቸው አይመርጡም ብዬ አልጠየቅሁም። የወደደ ሰው እንዲህ ያለ ነገር መቼ ይጠይቃል?

ሽማግሌ ላክሁ። አባቴ ስለሌለ የላክኋቸው ኮምቦልቻ ጎረቤቴን ሼህ እንድሪስን ነው። ለክርስቲያን ልጅ ሼህ ሽማግሌ ሆነው መሪጌታ ቤት መሄዳቸው ለኛ አገር ሰው ብርቅ አይደለም፤ በልጅነቴ ከእጃቸው በልቼ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሄዱ። ሲመለሱ ገና ከሩቅ፣ አብሽር ልጄ አሉኝ። ሼህ እንድሪስ አብሽር ያሉ እንደሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

መሪጌታ ያሉት አጭር ነው። ልጄን ለቀጥቃጭ አልሰጥም። ያን ጊዜ እኮ ብረት የሚነካ ሰው ዓይኑ ይፈራል፣ ቡዳ ይባላል። እኔ መካኒክ ነኝ ብል ማን ይሰማኛል? ብረት ብረት ነው። ሼህ እንድሪስም እንደ ሽማግሌ ዝም ብለው መስማት ሲገባቸው፣ ታዲያ መሪጌታ እርስዎስ ቆዳ ይፍቁ የለም እንዴ፣ ሰው ቆዳ ፋቂንስ ምን ይላል ብለው ጠየቋቸው። ወላሂ ለክፋት አልነበረም አሉኝ በኋላ። መሪጌታ ግን ብድግ አሉ። የኔ ቆዳ የእግዚአብሔር ቃል የሚጻፍበት ነው፤ ደግሞም ልጄን ከገራዶ አንድ ዲያቆን ጠይቆኛል፣ ፋሲካ ሲወጣ እድራታለሁ ብለው በሩን አሳዩአቸው። ሽምግልናው በዚሁ ተቀጨ። ሁዳዴ ተጋምሷል። እኔ ለፋሲካ የቀረውን ቀን በጣቴ እቆጥር ጀመር፤ ያን ዓመት ጾሙ ባያልቅ ደስ ባለኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አንዱ ካሚዮናችን ዱቄት ጭኖ ወደ ደሴ ሲወጣ ሐረጎ ዳገት ላይ እንደ ድስት ፈላ። ጎትተው ፒያሳ አቆሙት። ሲኞር ቤፔ አዲሱን ጓርኒሲዮን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝና በአራት ቀን ካልመለስከው አትመለስ አለኝ። ኮፍያውንም ረገጠ።

ፒያሳ ደርሼ መኪናውን አየሁት። ሾፌሩን፣ እዚህ ሰው ይበዛል፣ መሬቱም ሜዳ አይደለም፣ ወደ ቧንቧ ውሃ ገፍተን ብንሠራው ይሻላል አልኩት። አሁን ያለበት ቦታ ምን አነሰው ብሎ ተከራከረኝ። ባለሙያው እኔ ነኝ አልኩ። ሰው ለምነን ስንገፋ፣ ስንገፋ፣ መኪናው የት ቢቆም ጥሩ ነው? መሪጌታ ጥሩነህ አጥር ሥር። የመኪና ነገር፣ የት እንደሚቆም አይታወቅም።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። መሪጌታ ሲወጡ ሲገቡ ያዩኛል። ቀጥቃጭ ማለት ከሰል አንድዶ ብረት የሚደበድብ ነው፤ እኔ ግን ብሎን በቁልፍ ፈትቼ፣ በጨርቅ ጠርጌ፣ በሥርዓት የምሠራ ሰው መሆኔን በዓይናቸው ያያሉ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። የሞተሩን ክዳን እስካነሳ ድረስ።

ክዳኑን ሳነሳ ጓርኒሲዮኑ ግማሹ ከክዳኑ ጋር፣ ግማሹ ከሥረኛው ብረት ጋር ቀረ። ጠቁሯል፣ ደርቋል። በጥፍሬ ብሞክር ጥፍሬ ተሰበረ። በቢላ ብሞክር ቢላው ታጠፈ። እንግዲህ የማውቀው ዘዴ አንድ ነው። መሮውን አወጣሁ፣ መዶሻውን አወጣሁ። ቀጥቃጭ አይደለሁም ልል መጥቼ ከጧት እስከ ቀትር ስቀጠቅጥ ዋልኩ። በመንገዱ የሚያልፉ ሴቶች የያዙትን ምግብ ከዓይኔ በነጠላ ይሸፍናሉ። አንዷማ መንገዱን ትታ በጓሮ ዞረች። ዘነበች እንስራ አዝላ ስታልፍ ቀስ ብላ፣ አራጋው፣ ምን እያደረግህ ነው፣ አባዬ እኮ ቤት ነው አለችኝ። ድምጿ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነበር።

እሷን ቀና ብዬ ሳይ መሮው አመለጠኝ። ጭር ብሎ ብረቱ ላይ ሄደ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ከውሃው ቀዳዳ ጎን አንዲት ጭረት፣ የጣት ስፋት የምታህል። መኪናው እንግዲህ ውሃ ያፈሳል፣ ሲኞር ቤፔ ያባርረኛል፣ መሪጌታም ቀጥቃጭነቴን በጆሯቸው አረጋግጠዋል። በዚህ መሐል የአጥሩ በር ተከፈተ።

መሪጌታ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ሻሽ የጠመጠሙ ሰው ናቸው። ቀስ እያሉ መጡ። ቤቴን ልታፈርስ ነው የመጣኸው አሉኝ። ኧረ አይደለም፣ የተጣበቀ ነገር ላነሳ ነው አልኩ። በመዶሻ? አሉ። አዎ አልኩ። እጃቸውን ዘርግተው ብረቱ ላይ አሳረፉት። በጣታቸው ጫፍ ሄዱበት፣ ቆሙ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ሄዱበት። ፊታቸው ተለወጠ። ቁጣው እንዳለ ነው፣ ግን የሌላ ዓይነት ቁጣ ሆነ። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ሙያው ሲበላሽ ሲያይ የሚቆጣው ቁጣ።

"አርሰኸዋል?" አሉኝ።

"ምኑን?"

"ይኸን የደረቀ ነገር ነዋ። ሳታርሰው ነው የምትፍቀው?"

በውሃ ካረስሁት ብረቱ ይዝጋል አልኳቸው። ታዲያ ብረት በምን ይርሳል አሉ። በላምባ አልኩ፣ እንዲያው አፌ ላይ የመጣልኝን። እንግዲያው ላምባህን አምጣ አሉ። ዘነበችን ጠርተው አሮጌ ጨርቅ አስመጡ። ጨርቁን ላምባ ነክረን ጓርኒሲዮኑን እንደ ቁስል ሸፈንነው። አሁንስ ምን ላድርግ አልኩ። አሁንማ ሂድና ዕረፍ አሉኝ። አራት ቀን ብቻ ነው የተሰጠኝ፣ አንዱ ሊያልቅ ነው ብላቸው፣ ይህን ለኔ ሳይሆን ለሱ ንገረው ብለው ጓርኒሲዮኑን አሳዩኝና ገቡ።

በማግሥቱ ስመጣ መኪናው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መፋቂያ ይዘዋል። የብረት መፋቂያቸው ግን አይደለም። አንድ አሮጌ የበሬ ቀንድ ሰንጥቀው ጫፉን አስልተውታል፤ ለኔም አንድ አበጅተውልኛል። ብረትን በብረት ብትፍቅ ታቆስለዋለህ፣ ቀንድ ግን ልኩን ያውቃል አሉኝ። ጨርቁን ገለጥን። ያ ድንጋይ የሆነ ነገር ጫፍ ጫፉ ላልቶ ብድግ ብድግ ብሏል። ከጫፉ ጀመርን፣ እሳቸው በወዲያ እኔ በወዲህ። ቆዳም እንዲህ ነው አሉኝ፣ ከጫፉ ነው የሚለመነው፣ መሐሉን አትንካው፣ እሱ ራሱ ይመጣል። መጣም። ቅርፊት በቅርፊት እየተላጠ መጣ።

ሰው አብሮ ሲፍቅ ያወራል። የት ተወለድህ አሉኝ፣ ነገርኋቸው። አባትህ መቼ አረፉ አሉኝ፣ ነገርኋቸው። እሳቸውም ስለ ሚስታቸው ነገሩኝ። ብራና ሲወጥሩ ወዲያኛውን ጫፍ የምትይዝላቸው እሷ ነበረች። ስትሞት ዘነበች ጫፉን ያዘች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፣ እጇ አይደርስም ነበር አሉ። ይህን ብለው ቀንዱን ጠረግ አድርገው መፋቃቸውን ቀጠሉ።

ሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ነው ያየሁት። መሪጌታ ሲፍቁ ብረቱን አያዩትም። ፊታቸው ወደ አጥሩ ነው። የግራ ጣታቸው ከፊት ይሄዳል፣ ቀንዱ ከኋላ ይከተለዋል። መጀመሪያ እንዲህ ያለ ጥበብ ነው ብዬ አደነቅሁ። ከዚያ ሻካራዋን ድንጋይ ፈለጉ። ድንጋይዋ ጉልበታቸው ሥር ናት፣ ፀሐይ አርፎባታል። እጃቸው በስተቀኝ ፈለገ፣ በስተግራ ፈለገ። ዘነበች ሰፌድ ይዛ በዚያ ስታልፍ፣ ሳትቆም፣ ሳትናገር፣ በእግሯ ጫፍ ድንጋይዋን ወደ እጃቸው ገፋ አደረገችላቸው። አገኙዋት። ዘነበች ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እባክህ እንዳትናገር የሚል አስተያየት ነበር።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ገበያ ላይ ቆዳ ወደ ፀሐይ የምትዘረጋው ለምን እንደሆነ ገባኝ። እሷ የሳቸው ዓይን ናት። ኮምቦልቻ ይዣት ብወርድ ቆዳ የሚመርጥላቸው ማነው? ጸጉር የቀረበትን ማን ይነግራቸዋል? ደብሩ መሪጌታ አያዩም ብሎ የሰማ ቀን ብራና የሚያዝ አይኖርም፤ ብራና ካልፋቁ ደግሞ እኒህ ሰው ምን ይሆናሉ? እኔ ቀጥቃጭ ስለሆንኩ ብቻ የጠሉኝ መስሎኝ ስናደድ ከርሜያለሁ። ሰውየው እኮ ፈርተው ነው። በራሴ አፈርኩ።

በሦስተኛው ቀን ፍቀን ጨረስን። ብረቱ እንደ መስታወት አበራ። መሪጌታ መዳፋቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፉበት። ውሃው ቀዳዳ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

ከድሮም የነበረ ነው ማለት እችል ነበር። ማን ያውቅብኛል? አፌም ሊል ነበር። ግን ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ብረት ላይ አብረን አጎንብሰናል፣ አቃተኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "መሮው አምልጦኝ ነው።"

ለጣሊያኑ ነግረኸዋል ወይ አሉኝ። አልነገርኩትም፣ ያባርረኛል አልኩ። ለኔ ግን ነገርከኝ አሉ። እርስዎማ ደርሰውበታል፣ ምን ልበል አልኩ። ሳቁ። መሪጌታ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው፤ ጥርሳቸው ሙሉ ነበር። ቆዳ ላይ አራጁ ቢላ ካመለጠው ቀዳዳ ይቀራል፣ ጸሐፊው ግን ቆዳውን አይጥለውም፣ ቀዳዳውን ዞሮ ይጽፋል አሉኝ። አንተ ጭረትህን ዞረህ መሄድ ትችላለህ? አልችልም አልኩ፣ ውሃ ነው፣ ውሃ አይዞርም። እንግዲያው ፋቅ አሉኝ ድንጋይዋን እየሰጡኝ፣ ጣቴ ሳያውቃት እስኪያልፍ ድረስ ፋቅ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አምስት ጊዜ ጣታቸውን ሰደው አምስት ጊዜ ገና ነው አሉኝ። በስድስተኛው ጣታቸው አለፈ።

እጄን ስጠርግ፣ አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም አልኩ። የዘነበችን ስም አላነሳሁም። የዓይናቸውንም ነገር አላነሳሁም።

"መሪጌታ" አልኳቸው፣ "ኮምቦልቻ አልተስማማኝም። ሙቀቱም፣ ወባውም። ደሴ ሥራ ባገኝ እዚሁ ሰፈር ብኖር ነው የምወደው። ደግሞ ብራና መፋቅ ብማር ደስ ይለኛል። ጠዋት ጠዋት፣ ጋራዥ ሳልገባ፣ የሚያስተምረኝ ባገኝ።"

ቀንዳቸውን በጨርቅ ጠርገው አስቀመጡ። ከጦሳ ተራራ ላይ ጉሙ እየወረደ ነበር፣ በረደኝ።

"ብራና የቀጥቃጭ ሥራ አይደለም" አሉ በመጨረሻ። ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ። ትንሽ ቆዩና፣ "አንተን ግን እንደማይህ ቀጥቃጭ አይደለህም" አሉ።

እንደማይህ አሉኝ። እንባዬን እንዳያዩብኝ ፊቴን አዞርኩ። ለምን እንዳዞርኩት አላውቅም።

ሄደው በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ ያን ሽማግሌህን ላክ፣ ሼሁን፣ አፋቸውን ግን ሰብሰብ ያድርጉ አሉኝ።

አዲሱን ጓርኒሲዮን አስቀመጥሁ፣ ብሎኑን አሠርሁ፣ ውሃ ሞላሁ። ካሚዮኑ ሐረጎን ወርዶ እንደገና ወጣ፣ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ሲኞር ቤፔ ብረቱን እንዲህ ያጠራኸው በምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። በመሪጌታ ብለው ምን ይገባዋል? በመሮ አልኩት። ሼህ እንድሪስ ሁለተኛ ሄደው፣ ማሻአላህ ብቻ እያሉ፣ ሌላ ቃል ሳይተነፍሱ ነገሩን ጨርሰው መጡ። ፋሲካ ሲወጣ ሠርጋችን ሆነ። ሠርጉ ሲያልፍ ዘነበችን፣ ያ የገራዶ ዲያቆን ምን አለ ይሆን አልኳት። የቱ ዲያቆን አለችኝ። ከገራዶ የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም።

እኔም ሲኞር ቤፔን ተሰናብቼ ደሴ አንድ ጋራዥ ገባሁ፤ መሪጌታ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ቤት ሠራን። ጠዋት ጠዋት እፍቃለሁ። የመሪጌታ ዓይን ግን ዓመት ሳይሞላ ጨርሶ ጠፋ። ያ እጅ እንኳ አንዳንድ ቦታ እየዘለለ ሄደ፤ እዚህ ጸጉር ይቀራል፣ እዚያ ሥጋ ይቀራል። እሳቸው አይናገሩም፣ እኛም አንናገርም። ቤተ ክርስቲያን የሄዱ እንደሆነ እኔና ዘነበች እየተጠራራን ቆዳው ላይ እንወድቃለን። የዘለሉትን ቶሎ ቶሎ እንፍቃለን፣ በድንጋይ እናለሰልሳለን፣ ፍቅፋቂውን ጠርገን እንደፋለን። ሲመለሱ እኛ ምንም አናውቅም። መዳፋቸውን ያሳልፉበትና፣ ዛሬ ጥሩ ሠርቻለሁ ይላሉ። በጣም ጥሩ ነው አባባ እንላለን። ጸሐፊዎች የመሪጌታ ጥሩነህን ብራና ከሩቅ አገር እየመጡ ይወስዱ ጀመር። እንዲህ የሳሳና የጠራ ብራና አይተን አናውቅም ይላሉ። እኔና ዘነበች ጓዳ ገብተን እንተያያለን። ኩራቱ አይነሳ። ሽማግሌውን በክብር ያቆምናቸው እኛ ነን። ዘነበች አንዳንዴ አባትን መሸወድ ኃጢአት ይሆን እንዴ ብላ ትጨነቃለች፤ እኔ እንዲህ ያለ ኃጢአት እግዜርም ያሳልፈዋል እላታለሁ።

ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን። ጣሊያንም ወጣ። አንድ ቀን ጋራዡ ሥራ ሲያጣ ገና ረፋዱ ላይ ቤቴ ገባሁ። ዘነበች ገበያ ናት። መሪጌታ ብቻቸውን ቆዳው ፊት ተቀምጠዋል። ትናንት እኔና ዘነበች የፋቅነውን ቦታ ይዘው፣ ጣታቸው ከፊት፣ መፋቂያው ከኋላ፣ ቀስ እያሉ ይፍቃሉ።

ምን እያደረጉ ነው አባባ አልኳቸው።

አልደነገጡም። እናንተ የፋቃችሁትን እየፋቅሁ ነዋ አሉኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ በመጣሁ ቁጥር እየጫራችሁ ትጠብቁኛላችሁ፣ ተዉ ብል ታዝናላችሁ፣ ስለዚህ ከቤት ስትወጡ እየጠበቅሁ አስተካክላለሁ አሉ። አንተስ እየተሻልህ ነው። የዘነበች እጅ ግን ያው ይከብዳል፣ እናቷም እንዲያው ነበረች።

አጠገባቸው ተቀመጥሁ። እጄን ፈልገው ያዙኝና፣ ለሷ እንዳትነግራት፣ ትከፋብኛለች አሉኝ።

አልነገርኳትም። መሪጌታም ካረፉ ይኸው ብዙ ዘመን ሆነ፤ ዘነበችም እንደኔ ሸብታለች። አንዳንዴ እሳቱ ዳር ቁጭ ብለን፣ አራጋው፣ አባቴን እኮ እኔና አንተ ነን ያኖርነው ትለኛለች።

አዎ ዘነበች፣ እኛ ነን እላታለሁ።